የቆየ ኮምፒውተርን አፕዴት ማድረግና አንቲቫይረስ መምረጥ

አሮጌ ላፕቶፕ የያዘ ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ «የትኛው አንቲቫይረስ ይሻላል?» ብሎ ነው። እኔም መልሼ «ዊንዶውሱ ለመጨረሻ ጊዜ አፕዴት የሆነው መቼ ነው?» እላለሁ። አብዛኛው ሰው አያውቀውም። አንዳንዱ ደግሞ «የሸጠልኝ ልጅ ኢንተርኔት ይበላል ብሎ ዘግቶልኛል» ይላል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው። አፕዴት ያልሆነ ዊንዶውስ ላይ የተጫነ አንቲቫይረስ፣ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን፣ ግማሽ ሥራ ነው የሚሠራው።

በግንቦት 2009 ዓ.ም. የሆነውን ላስታውሳችሁ። «ዋናክራይ» የሚባለው ቫይረስ በጥቂት ቀናት 150 ገደማ አገሮችን አዳረሰ። ፋይል ቆልፎ ገንዘብ ይጠይቅ ነበር። የእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሕሙማን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ሰው ምንም ነገር ሳይከፍት በኔትወርክ ብቻ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ይሻገር ነበር። ማይክሮሶፍት ግን ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት በመጋቢት፣ ማለትም ከሁለት ወር በፊት ለቆታል። አፕዴቱን የጫኑት በዚያ ቀዳዳ አልተነኩም።

ስለዚህ በቅደም ተከተል እንሂድ። ስክሪኑ ላይ የምታዩአቸውን የእንግሊዝኛ ቃላት እንደሚነበቡ አድርጌ እጽፋቸዋለሁ።

ምን እንደያዛችሁ እወቁ

ኪቦርዱ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና «አር»ን አንድ ላይ ተጫኑ። ትንሽ ሳጥን ትመጣለች። እዚያ ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል «ዊንቨር» ብላችሁ ጻፉ፦ ደብሊው፣ አይ፣ ኤን፣ ቪ፣ ኢ፣ አር። ኢንተር በሉ። የዊንዶውሳችሁ ስምና ቁጥሩ ይወጣል።

ዊንዶውስ 7 ከሆነ የደኅንነት አፕዴቱ የቆመው ጥር 5 ቀን 2012 ነው። ዊንዶውስ 8.1 ጥር 2 ቀን 2015 ቆሟል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል፤ እሱ ግን ገና ተስፋ አለው፣ እመለስበታለሁ።

ቀጥሎ «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ሲስተም»፣ ከዚያ «አባውት» ግቡ። ሁለት ነገር እዩ። አንደኛው ራሙ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ ለጊዜው የሚጠቀምበት ማስታወሻ ነው። ሁለተኛው ፕሮሰሰሩ፣ ማለትም ሥራውን የሚሠራው ዋናው ቺፕ። ለምሳሌ «ኮር አይ 5» ብሎ ከጎኑ «6300 ዩ» ካለ፣ የመጀመሪያዋ 6 ትውልዱን ትነግራችኋለች፤ ስድስተኛ ትውልድ ነው። «8250 ዩ» ካለ ስምንተኛ ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመው ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በአብዛኛው ስምንተኛ ትውልድና ከዚያ በላይ ስለሚፈልግ ነው። በተጨማሪ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ቦታና «ቲፒኤም 2.0» የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ያገለገለ ላፕቶፕ ልትገዙ ከሆነም ከብራንዱ በፊት ይህችን ቁጥር ተመልከቱ። ሻጩ «ኮር አይ 5 ነው» ብቻ ካላችሁ ምንም አልነገራችሁም።

በግድ ዊንዶውስ 11 የሚጭኑ ዘዴዎች አሉ። እኔ አልመክርም። ማይክሮሶፍት ለእንደዚህ ዓይነት ኮምፒውተር ቀጣይ አፕዴት እንደሚሰጥ ዋስትና አይሰጥም፤ እኛ ደግሞ የምንደክመው ለአፕዴቱ ነው።

ፋይላችሁን አስቀምጡ

ምንም ከመንካታችሁ በፊት የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ወደ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም ወደ ንጹሕ ፍላሽ ገልብጡ። የቆየ ሃርድ ዲስክ ብዙ ፋይል ሲጻፍበት የመጨረሻ እስትንፋሱን ሊያወጣ ይችላል፤ አፕዴት ደግሞ ብዙ የሚጻፍበት ሥራ ነው።

ሰው ሁልጊዜ የሚረሳው «ዳውንሎድስ» ውስጥ ያለውን «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚል ፎልደር ነው። የተላከላችሁ ውል፣ ደረሰኝ፣ የልጅ ፎቶ ሁሉ የሚወርደው እዚያ ነው። ዴስክቶፕ ላይ ያለውንም አትርሱ። ፒችትሪ የምትሠሩ የሒሳብ ባለሙያዎች ፎልደሩን ገልብጣችሁ ብቻ አትለፉ። ፒችትሪን ከፍታችሁ «ፋይል» ከሚለው ውስጥ «ባክአፕ» አድርጉና የወጣውን ፋይል ውሰዱ።

ሰዓቱንና ቀኑን አስተካክሉ

ይህ ቀላል ይመስላል። ግን አሮጌ ኮምፒውተር ላይ አፕዴት እንቢ ሲል እኔ ቀድሜ የማየው ይህንን ነው።

አፕዴቱ ከማይክሮሶፍት ሲመጣ ኮምፒውተሩ የላኪውን ዲጂታል የምስክር ወረቀት ይፈትሻል። የምስክር ወረቀቱ የሚጸናበት መጀመሪያና መጨረሻ ቀን አለው። የእናንተ ኮምፒውተር ቀኑ ከተሳሳተ ትክክለኛውን ወረቀት «ጊዜው አልደረሰም» ወይም «ጊዜው አልፏል» ብሎ ይጥለዋል። አፕዴቱ ይከሽፋል። ጎግል ክሮምም ድረ ገጽ ሁሉ ላይ ቀይ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ሰው ቫይረስ መስሎት ይደነግጣል።

እኛ አገር ደግሞ ይህ ስሕተት የራሱ መንገድ አለው። ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር የሚሞሉ ሰዎች አሉ። 2018 ብላችሁ ከሞላችሁ ኮምፒውተሩ የፈረንጆቹ 2018 ላይ ያለ ይመስለዋል። የዛሬዎቹ የምስክር ወረቀቶች ያኔ አልተሰጡም፤ ስለዚህ አንዱንም አይቀበልም። ሰዓቱን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ስለሆነ 2፡00 ብሎ መሙላትም በስድስት ሰዓት ያሳስተዋል። ዓመቱም ሰዓቱም በፈረንጆቹ ይሁን።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ከታች በቀኝ በኩል ሰዓቱ ላይ በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጭናችሁ «አድጀስት ዴት ኤንድ ታይም» በሉ።
2. «ታይም ዞን» ከሚለው «ናይሮቢ» የሚለውን፣ ማለትም ሲደመር 3 ሰዓት ያለውን ምረጡ። አዲስ አበባ ዝርዝሩ ውስጥ የለችም፤ የእኛና የናይሮቢ ሰዓት አንድ ነው።
3. ኢንተርኔት አገናኝታችሁ «ሴት ታይም አውቶማቲካሊ» የሚለውን አብሩ፤ ከዚያ «ሲንክ ናው» በሉ።

ኮምፒውተሩ ተዘግቶ ሲከፈት ቀኑ ደግሞ ወደ ኋላ ከተመለሰ የማዘርቦርዱ ባትሪ ሞቷል ማለት ነው። ዴስክቶፕ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች፣ ላይዋ ላይ «ሲአር 2032» የተጻፈባት 3 ቮልት ባትሪ ናት። ዋጋዋ ትንሽ ነው። ከግድግዳው ሶኬት ነቅላችሁ፣ የጎኑን ክዳን ከፍታችሁ ራሳችሁ መቀየር ትችላላችሁ። ላፕቶፕ ከሆነ ባለሙያ ይቀይረው፤ በብዙዎቹ ላይ ሽቦ ተያይዞባታል።

ቦታ፣ ኢንተርኔትና መብራት

«ሲ» ድራይቭ ላይ 20 ጊጋባይት ያህል ነፃ ቦታ አዘጋጁ። «ሴቲንግስ»፣ «ሲስተም»፣ «ስቶሬጅ»፣ «ቴምፖራሪ ፋይልስ» ገብታችሁ ማጽዳት ይቻላል። እዚያ ዝርዝር ውስጥ «ዳውንሎድስ» ካለ ግን ምልክት አታድርጉበት፤ ቅድም ያልኳችሁን የቴሌግራም ፎልደር ጨምሮ ይጠርገዋል።

ኢንተርኔታችሁ የሞባይል ጥቅል ከሆነ አፕዴቱን ለዘለዓለም ከመዝጋት የተሻለ መንገድ አለ። ዋይፋዩን ወይም ሆትስፖቱን ስትጠቀሙ «ሴቲንግስ»፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት» ገብታችሁ የግንኙነቱን ስም ከፈታችሁ «ሴት አዝ ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን አብሩ። በዚያ ግንኙነት ላይ እስካላችሁ ዊንዶውስ ትልልቁን አፕዴት ሳያስፈቅድ አያወርድም። በወር አንድ ቀን ደግሞ ሰፊ ኢንተርኔት ያለበት ቦታ ሄዳችሁ፣ ወይም የሌሊት ጥቅል ገዝታችሁ፣ «ሚተርድ» የሚለውን አጥፍታችሁ አፕዴቱን ታወርዳላችሁ። የማይክሮሶፍት ወርኃዊ አፕዴት የሚለቀቀው በፈረንጆቹ ወር ሁለተኛው ማክሰኞ ነው፤ በእኛ ማታ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት አካባቢ። ስለዚህ ረቡዕን ወይም ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ያዙ።

መብራቱን ነገር አትናቁት። ፋይሉ እየወረደ ሳለ ቢጠፋ ችግር የለም፤ ካቆመበት ይቀጥላል። አስቸጋሪው ሪስታርት አድርጎ «ወርኪንግ ኦን አፕዴትስ» እያለ በመቶኛ የሚቆጥርበት ሰዓት ነው። ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት ሲጠፋ በባትሪ በሚያቆየው ዩፒኤስ አድርጉት። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ። ባትሪው ካረጀና አምስት ደቂቃ የማይቆይ ከሆነ እንደ ዴስክቶፕ ቁጠሩት። ድንገት ቢጠፋም አትደንግጡ፤ መልሳችሁ ስታበሩት ብዙ ጊዜ የጀመረውን ይጨርሳል ወይም ራሱ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። የድሮ ሃርድ ዲስክ ያለው ኮምፒውተር አንድ ቁጥር ላይ ለረጅም ጊዜ ሊቆም ይችላል። የሃርድ ዲስኩ መብራት ብልጭ ድርግም እስካለ ድረስ እየሠራ ነው። ማጥፊያውን ይዛችሁ አትጫኑ።

አፕዴቱ ራሱ

ዊንዶውስ 10 ላይ «ሴቲንግስ»፣ «አፕዴት ኤንድ ሴኩሪቲ»፣ «ዊንዶውስ አፕዴት» ገብታችሁ «ቼክ ፎር አፕዴትስ» በሉ። ሲጨርስ ሪስታርት አድርጉ። ተመልሳችሁ አሁንም «ቼክ» በሉ። ብዙ ጊዜ ሳይነካ የቆየ ኮምፒውተር በአንድ ዙር አያልቅለትም። «ዩ አር አፕ ቱ ዴት» እስኪል ድገሙት። «ኦፕሽናል አፕዴትስ» ውስጥ ያሉትን የድራይቨር (እንደ ዋይፋይና ድምፅ ያሉትን ክፍሎች የሚያሠሩ ፕሮግራሞች) አፕዴቶች ግን፣ የማይሠራ ነገር ከሌለ፣ ተዉአቸው። አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራን ድራይቨር መቀየር ትርፉ ራስ ምታት ነው።

በዊንቨር ስታዩት ቁጥሩ «22 ኤች 2» ከሆነ፣ ያልኳችሁ ተስፋ እዚሁ ገጽ ላይ አለ። «ኢንሮል ናው» የሚል ሊንክ ፈልጉ። ማይክሮሶፍት የቤት ተጠቃሚ ተመዝግቦ እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ድረስ የደኅንነት አፕዴት እንዲያገኝ ፈቅዷል። የማይክሮሶፍት አካውንት ያስፈልጋችኋል። ከዚያ ሦስት ምርጫ ይሰጣችኋል፦ የኮምፒውተሩን ሴቲንግ ባክአፕ ማድረግ፣ 1000 የማይክሮሶፍት ሪዋርድስ ነጥብ፣ ወይም 30 ዶላር። የመጀመሪያው ገንዘብ አይጠይቅም፤ በዶላር የሚከፍል ካርድ ለሌለው ሰው መፍትሔው እሱ ነው። አንድ አካውንት እስከ 10 ኮምፒውተር ይይዛል። ጀርመን፣ ስዊድን ወይም ሌላ የአውሮፓ ኅብረት አገር ያላችሁ ደግሞ ባክአፕ ሳታደርጉም በነፃ ይሰጣችኋል። በመሥሪያ ቤት ዶሜይን (መሥሪያ ቤቱ በማዕከል በሚያስተዳድረው ኔትወርክ) ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ግን በዚህ መንገድ አይመዘገብም፤ የአይቲ ክፍሉን ጠይቁ።

«ቼክ ፎር አፕዴትስ» ጭራሽ ካልሠራ አንድ ሰው አገልግሎቱን ዘግቶት ሊሆን ይችላል። ስታርት ላይ «ሰርቪስስ» ብላችሁ ፈልጉ፤ ረጅም ዝርዝር ይከፈታል። «ዊንዶውስ አፕዴት» የሚለውን ሁለቴ ክሊክ አድርጉ። «ዲሴብልድ» ካለ ወደ «ማንዋል» ቀይራችሁ «ስታርት» በሉ።

አራት አምስት ኮምፒውተር ያለው ቢሮ ወይም ትምህርት ቤት ከሆናችሁ እያንዳንዱ ለየብቻው ማውረድ የለበትም። ማይክሮሶፍት «አፕዴት ካታሎግ» የሚባል ድረ ገጽ አለው። በ«ኬቢ» የሚጀምረውን የአፕዴት ቁጥር ፈልጋችሁ አንዴ አውርዱና በፍላሽ ለሁሉም ጫኑ። ባለ 32 ቢት ወይስ ባለ 64 ቢት የሚለውን ብቻ አትሳሳቱ።

ክራክ የተደረገ ዊንዶውስ

ብዙ ያገለገለ ኮምፒውተር ክራክ ከተደረገ፣ ማለትም ሳይገዛ ፈቃዱ ከተሰበረ ዊንዶውስ ጋር ነው እጃችን የሚገባው። ጉዳቱ ክራኩ ብቻ አይደለም። ክራኩ እንዳይያዝ ሲባል አንቲቫይረሱ ይታወራል። እንዴት እንደሆነ እንይ። «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ»ን ክፈቱ፣ «ቫይረስ ኤንድ ትሬት ፕሮቴክሽን»፣ «ማኔጅ ሴቲንግስ» ግቡና ወደ ታች ወርዳችሁ «ኤክስክሉዥንስ» የሚለውን እዩ። አንቲቫይረሱ እንዳይፈትሻቸው የታዘዙ ቦታዎች ዝርዝር ነው። እዚያ «ሲ» ድራይቭ ሙሉውን ተመዝግቦ ካገኛችሁ አንቲቫይረሳችሁ በርቷል ይላል እንጂ ምንም አያይም። ወዲያው ሰርዙት። ሰርዛችሁ ስካን ስታደርጉ «ሃክቱል» የሚል ስም ከመጣ ያ ክራኩ ነው፤ ይውጣ።

ከዚያ በኋላ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ ጥግ ላይ ቢመጣ አትጨነቁ። ጽሑፉ ያስጠላል፣ የጀርባ ምስሉን መቀየርም ይከለክላል፤ ወርኃዊ አፕዴቱ ግን ይወርዳል። ላፕቶፑ ከፋብሪካ ሲወጣ ዊንዶውስ 8 ወይም 10 የነበረበት ከሆነ ቁልፉ ብዙ ጊዜ ማዘርቦርዱ ላይ አለ። ከማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ቢያንስ 8 ጊጋባይት በሆነ ፍላሽ ላይ ንጹሕ ዊንዶውስ አዘጋጅታችሁ፣ ያንኑ ዓይነት ስትጭኑት ራሱ አክቲቬት ይሆናል። ፎርማት ለማድረግ ኮምፒውተር ቤት ከሄዳችሁም ይህንኑ እንዲጭኑላችሁ ጠይቁ።

አሁን አንቲቫይረሱ

ዊንዶውስ 10 ላለው የቆየ ኮምፒውተር የእኔ ምርጫ አብሮት የሚመጣው «ማይክሮሶፍት ዲፌንደር» ነው። ነፃ ነው። ግዙኝ እያለ መስኮት አያወጣም። ማይክሮሶፍት የቫይረስ መለያውን ለዊንዶውስ 10 እስከ ፈረንጆቹ ጥቅምት 2028 ድረስ ማደሱን እንደሚቀጥል አስታውቋል። ልብ በሉ፣ ይህ ቫይረሱን መለየት እንጂ የዊንዶውሱን ቀዳዳ መድፈን አይደለም። ምዝገባውን አይተካም።

መጀመሪያ የቆየ አንቲቫይረስ ቁጭ ብሎ እንደሆነ እዩ። ላፕቶፑ ሲገዛ ለሙከራ የተጫነና ጊዜው ያለፈበት ብዙ ጊዜ ይገኛል። እሱ እያለ ዲፌንደር ሊተኛ ይችላል፤ እሱ ደግሞ ጊዜው ስላለፈ አይታደስም። በሁለቱ መካከል ባዶ ትቀራላችሁ። «አፕስ» ውስጥ ገብታችሁ አንኢንስቶል አድርጉት፣ ሪስታርት አድርጉ። ዲፌንደር ራሱ ይነሣል። ሁለት አንቲቫይረስ አንድ ላይ አትጫኑ። እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ 4 ጊጋ ራም ያለው ኮምፒውተር ደግሞ ይህን አይችልም።

ከዚያ «ዲፌንደር ኦፍላይን ስካን»ን አንድ ጊዜ አስኪዱ። ሪስታርት አድርጎ ዊንዶውሱ ሳይነሣ ይፈትሻል፤ ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ተደብቆ የቆየ ነገር የሚያዘው በዚህ ነው። ኢንተርኔት የማይገባበት ኮምፒውተር ካላችሁ የዲፌንደርን መለያ ፋይል ሌላ ቦታ ከማይክሮሶፍት ገጽ አውርዳችሁ በፍላሽ ማምጣትና ሁለቴ ክሊክ ማድረግ ትችላላችሁ።

«ዲፌንደር ኮምፒውተሬን ያንቀራፍፍብኛል» የሚል ብዙ ነው። ሃርድ ዲስኩ የድሮው ዓይነት ከሆነ ማንኛውም አንቲቫይረስ ያንቀራፍፈዋል። ገንዘብ ካላችሁ አንቲቫይረስ ከመግዛት በዚያው ገንዘብ ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ አስገቡለት። ልዩነቱን ያኔ ታዩታላችሁ።

ሌላ መምረጥ ከፈለጋችሁ የጀርመኑ «ኤቪ ቴስት»ና የኦስትሪያው «ኤቪ ኮምፓራቲቭስ» የሚያወጡትን የፈተና ውጤት እዩ። ሁሉም ሰው ቫይረስ የመያዝ ነጥቡን ያያል። የአሮጌ ኮምፒውተር ባለቤት «ፐርፎርማንስ» የሚለውን፣ ኮምፒውተሩን ምን ያህል እንደሚያከብደው የሚያሳየውን ይይ። ነፃ የሆነ ሁሉ ደግሞ በእርግጥ ነፃ አይደለም። በፈረንጆቹ 2024 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን አቫስት የተጠቃሚዎቹን የኢንተርኔት አጠቃቀም መረጃ በመሸጡ 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል አድርጎታል። አሜሪካ የምትኖሩ ካስፐርስኪን ከዝርዝራችሁ አውጡ፤ በዚያው ዓመት አሜሪካ ውስጥ ሽያጩም እድሳቱም ታግዷል። እኛ አገር የሚወደደው ስማዳቭ ለፍላሽ ቫይረስ ተጨማሪ እጅ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ከሌላ አንቲቫይረስ ጋር እንዲሠራ ያዘጋጁት ነው፤ ብቻውን አትተማመኑበት። ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ ግን በምንም ምክንያት አትጫኑ።

ፍላሽ

ከኮፒ ቤት የመጣ ፍላሽ ስትሰኩ ፎልደሮቹ ሁሉ ትንሽ ቀስት ያለባቸው ሾርትከት ሆነው፣ መጠናቸው አንድ ሁለት ኪሎባይት ብቻ ሆኖ ካገኛችሁ አትክፈቷቸው። ስትከፍቱት ነው ቫይረሱ የሚሠራው። ፋይላችሁ አልጠፋም፣ ተደብቋል። ፍላሹ ላይ በቀኝ ክሊክ «ስካን» አድርጉ። ቀጥሎ «ቪው» ውስጥ «ሂድን አይተምስ» ላይ ምልክት አድርጉ። ካልታየ «ኦፕሽንስ»፣ «ቪው» ገብታችሁ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» የሚለውን ምልክት አንሡ፤ አብዛኞቹ የሚደበቁት በዚህ ነው። አንዳንዴ ስም የሌለው ፎልደር ውስጥ ታገኟቸዋላችሁ። የራሳችሁን ሰነድና ፎቶ ብቻ ገልብጡና ፍላሹን ፎርማት አድርጉ።

ዊንዶውስ 7 ላይ የቀራችሁ

ክሮምም ከ109ኛው እትም በኋላ ዊንዶውስ 7ን ትቶታል። እዚህ ላይ አንቲቫይረስ ብቻውን አያድናችሁም። ባንክ፣ ኢሜይልና ቴሌግራም የምትጠቀሙበት ከሆነ፣ ራሙ 4 ጊጋ ከሆነ ወደ ዊንዶውስ 10 ውጡ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ዊንዶውስን የሚተካውን ሊኑክስ ሚንት ሞክሩ። በ2 ጊጋ ራምም ይነሣል፣ ነፃ ነው፣ አማርኛ መጻፊያም አለው። ሳትጭኑት ከፍላሽ ላይ አስነሥታችሁ ዋይፋዩና ድምፁ መሥራቱን ማየት ትችላላችሁ።

ሥራችሁ ፒችትሪ ላይ ከሆነና ወደ ሌላ መሄድ ካልቻላችሁ ኮምፒውተሩን ለሒሳብ ብቻ ተዉት። የኔትወርክ ገመዱን ንቀሉ፣ ዋይፋዩን ዝጉ። አንድ ፍላሽ ለእሱ ብቻ መድቡና ሌላ ኮምፒውተር ላይ እየተፈተሸ ይግባ። የሒሳቡን ባክአፕ በየሳምንቱ አርብ አውጥታችሁ ከቢሮው ውጭ አስቀምጡ።